ወንዙ ራሱ እንዲወልድ፦ ሊጠፋ የተቃረበ የወንዝ ዓሣ በተፈጥሮው እንዲራባ የማድረግ ዝርዝር መመሪያ

በቻይና የያንግዚ ወንዝ ውስጥ ሲራባ የኖረ አንድ ግዙፍ ዓሣ አለ፤ የቻይና ስተርጀን ይባላል። በ1981 የገጆባ ግድብ ወንዙን ሲዘጋው ከባሕር ተነሥቶ ወደ ላይኛው ተፋሰስ የሚያደርገው የመራቢያ ጉዞ መንገድ ላይ ተቋረጠ። መፍትሔ ተብሎ የተያዘው ዓሣውን በማባዣ ጣቢያ አስፈልፍሎ መልቀቅ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተለቀቁት ጫጩቶች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ዓሣውም ከግድቡ ሥር ባገኛት ጠባብ ስፍራ ለዓመታት ዕንቁላሉን ሲጥል ቆየ። በ2013 ግን ተመራማሪዎች ስፍራውን ሲያስሱ የተጣለ ዕንቁላል አጡ። በ2016 ጥቂት ታየ፤ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ፍለጋው ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ባዶ ሆነ። መለቀቁ አልቆመም፤ የቆመው መወለዱ ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ስንት ጫጩት ለቀቅን ብሎ መቁጠር ቀላል ነው፤ ለፎቶግራፍም ይመቻል። ሊቆጠር የሚገባው ግን በወንዙ ውስጥ ተወልዶ፣ በወንዙ ውስጥ አድጎ፣ ተመልሶ የሚወልደው ዓሣ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰፉ አይደሉም፤ ሳልመንም ሆነ ስተርጀን ወይም ከሐይቅ ወደ ገባር ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ያለው ሰው ከራሱ ወንዝ ጋር እያመሳከረ ሊሠራባቸው ይችላል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ ፈልጉ

የወንዝ ዓሣ ሕይወት አምስት ቀለበት ያለው ሰንሰለት ነው። ለመራባት የደረሰ ዓሣ በሕይወት መኖር አለበት፤ ወደ መራቢያው መድረስ አለበት፤ ዕንቁላሉ መፈልፈል አለበት፤ ጫጩቱ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት መሻገር አለበት፤ ታዳጊው ደግሞ እስኪጎለምስ ድረስ መትረፍ አለበት። አብዛኛው ገንዘብና ድካም የሚባክነው ያልተበጠሰውን ቀለበት በመጠገን ነው።

የኩትናይ ወንዝን ተመልከቱ። ከካናዳ ተነሥቶ በአሜሪካ ሞንታናና አይዳሆ ግዛቶች አልፎ ወደ ካናዳ የሚመለስ ወንዝ ነው። በ1972 የሊቢ ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረና የፀደዩን ሙላት ገደበው። በወንዙ ያለው ነጭ ስተርጀን በ1994 ለመጥፋት የተቃረበ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ። ከ1974 ወዲህ ይህ ነው የሚባል አዲስ ትውልድ አልተጨመረበትም። ከሩቅ ያየ ሰው «ዓሣው መራባት አቁሟል» ይላል፤ ዓሣው ግን አላቆመም። እየመጣ ዕንቁላሉን ይጥላል። ዕንቁላሉ ሲወጣ የሚጣበቅ ነው፤ ድንጋይ ቢያገኝ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ንጹሕ ውኃ እያለፈበት ይፈለፈል ነበር። ያገኘው ግን አሸዋና ሸክላ ነው። እየተንከባለለ አሸዋውን ይለብሳል፤ ልክ በዱቄት ላይ እንደወደቀ የእርጥብ ሊጥ ቁራጭ። ከዚያ በኋላ ኦክሲጅን አያገኝም። በዚህ ወንዝ ወላጆቹን በመጠበቅ ብቻ የሚገኝ ውጤት የለም፤ የተበጠሰው ሦስተኛው ቀለበት ነውና።

ብልሽቱን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን በአንድ የመራቢያ ወቅት ፈትሹ። ከዚያ በፊት ግን ፈቃድ ያዙ፤ ሊጠፋ የተቃረበን ዝርያ ያለ ፈቃድ መያዝ፣ ዕንቁላሉንም መንካት በአብዛኛው አገር ወንጀል ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው የዕንቁላል ምንጣፍ ነው። አየር ማጣሪያ ከሚሠራበት ሻካራ ቃጫ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የማይሞላ ቁራጭ ቁረጡና በብረት ክፈፍ ላይ ወጥሩት። ይሆናል ብላችሁ ከምትገምቱት የመራቢያ ስፍራ ዝቅ ብላችሁ ወንዙ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ በየሁለትና ሦስት ቀኑም እያወጣችሁ እዩት። የሚጣበቅ ዕንቁላል የሚጥል ዓሣ ካለ ቃጫው ላይ ታገኙታላችሁ። ዕንቁላሉ የደረሰበትን የዕድገት ደረጃና የውኃውን ሙቀት አስተያይታችሁ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ የተጣለበትን ቀን ታውቃላችሁ። ይህን ቀን ከወንዙ ሙላት መዝገብ ጋር ስታጋጥሙት ዓሣው ምን እንደሚጠብቅ መናገር ይጀምራል። ጠጠር ቆፍሮ ዕንቁላሉን ለሚቀብር እንደ ሳልመን ላለው ዓሣ ምንጣፍ አይሠራም፤ እዚያ የሚቆጠሩት ጎጆዎቹ ናቸው። አዲስ የተገለበጠ ጠጠር ከአካባቢው ነጣ ብሎ በውኃው ውስጥ ይታያል።

ሁለተኛው ወራጁን ውኃ የሚያጣራ ጥቅጥቅ ያለ መረብ ነው፤ ተፈልፍለው በወራጅ የሚወሰዱትን ጫጩቶች ይይዛል። ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት በጨለማ ስለሆነ ቀን ብቻ ዘርግቶ «ጫጩት የለም» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ሦስተኛው በወንዙ ጥጋጥግ የታዳጊዎች ፍለጋ ነው፤ ርዝመታቸውንና ዕድሜያቸውን መመዝገብ ይጠይቃል።

አሁን ውጤቱን አንብቡ። ወላጅ ዓሣ አለ፣ ዕንቁላል ግን የለም ከሆነ ችግሩ መንገድ፣ የውኃ መጠን ወይም ሙቀት ነው። ዕንቁላል አለ፣ ጫጩት የለም ከሆነ ወለሉንና ኦክሲጅኑን ጠርጥሩ። ጫጩት አለ፣ ታዳጊ የለም ከሆነ ማደጊያው ጠፍቷል፣ አለዚያም ወራጁ ወደማይመች ቦታ ይወስዳቸዋል። ታዳጊ ሞልቶ ትልቅ ዓሣ ከጠፋ ደግሞ የአሥጋሪዎቹን መረብ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፦ ወላጆቹን በመራቢያ ወቅትና በመራቢያ በር ላይ ጠብቁ

ወደ ወንዝ የሚወጣ ዓሣ ከሁሉም በላይ የሚጋለጠው ለመራባት ሲሰበሰብ ነው። ላቢዮባርበስ የተባሉት የጣና ሐይቅ ዓሦች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ከአንድ ዘር ተነሥተው በሐይቁ ውስጥ የተለያዩ፣ አብዛኞቹ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማይገኙ ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይን ወደመሳሰሉ ገባሮች ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። ማስገሩም ዓሣው በወንዞቹ አፍ በሚሰበሰብበት ወቅት ላይ በረታ። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የላቢዮባርበሶቹ ብዛት በ75 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ ደግሞ በ90 በመቶ ያህል እንዳሽቆለቆለ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ወላጁ ከማለቁ በፊት ልደቱ እየደረቀ እንደነበር ይናገራልና። በአንዳንድ ወንዞች ላይ በብርብራ ፍሬ ውኃውን የመመረዝ ልማድ ሲጨመርበት ዓሣው ከትንሽ እስከ ትልቅ አብሮ ያልቃል።

ከዚህ የሚወሰደው የሥራ መመሪያ ይህ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ሁሉንም ውኃ ለመዝጋት ከመታገል የመራቢያውን በርና የመራቢያውን ወራት ዝጉ። ከወንዝ አፍ በሁለቱም በኩል ጥቂት ኪሎሜትር፣ ለሁለትና ሦስት ወር። ይህን አሥጋሪዎቹ ራሳቸው ሲወስኑትና ሲጠብቁት ይጸናል፤ ከላይ የወረደ ክልከላ ጠባቂው ዞር ሲል ይፈርሳል። ዓሣው መቼ እንደሚወጣ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ቀኑን ከመወሰናችሁ በፊት እነሱን ጠይቁ። ቻይና ከ2021 ጀምሮ በያንግዚ ላይ የአሥር ዓመት የማስገር እገዳ ጥላለች። እንዲህ ያለው ሰፊ እርምጃ አቅምና ለአሥጋሪው የሚከፈል ካሳ ይጠይቃል፤ ሁሉም ወንዝ ይህን አያገኝም።

ሦስተኛ፦ መንገዱን ክፈቱ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም

በመጀመሪያ ከወንዙ አፍ ተነሥታችሁ እስከ መራቢያው ድረስ በእግር ሂዱ፤ ያገኛችሁትን መሰናክል ሁሉ መዝግቡ። ትልቁን ግድብ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የማይታየው በመንገድ ሥር የተቀበረው ቱቦ ነው። የቱቦው መውጫ ከወንዙ ወለል ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ ወይም በውስጡ ያለው ውኃ የዓሣውን ጀርባ የማይሸፍን ስስ ከሆነ፣ ለብዙ ዝርያዎች የተቆለፈ በር ነው። በእያንዳንዱ መሰናክል ላይ ሦስት ነገር ለኩ፦ የውኃውን የመውደቂያ ከፍታ፣ ጥልቀቱንና ፍጥነቱን። ልኬቱ ዓሣው በሚጓዝበት ወቅት መሆን አለበት፤ በበጋ የተለካ ለክረምት አይሆንም። ጥገናውን ከታች ጀምሩ። ከላይ ያለውን ከፍቶ የታችኛውን መተው ግቢው በር ተዘግቶ ሳለ የመኝታ ቤትን በር እንደ መክፈት ነው።

ግድብ ሲነሣ ዓሣው ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ ይመለሳል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ኤልዋ ወንዝ ላይ 33 እና 64 ሜትር ከፍታ የነበራቸው ሁለት ግድቦች ከ2011 እስከ 2014 ተነቅለዋል። እዚያ ልብ ሊባል የሚገባው ግድቡ ሲነሣ ማስገሩም አብሮ መታገዱ ነው፤ መንገድ ከፍቶ በሩ ላይ መረብ መዘርጋት ትርጉም የለውምና። በአሜሪካ ኦሪገንና ካሊፎርኒያ ግዛቶች በሚያልፈው በክላማዝ ወንዝ ደግሞ የአራት ግድቦች ማፍረስ በ2024 ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር፣ ሥራው ካለቀ ሳምንታት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ፣ የቺኑክ ሳልመን ከግድቦቹ በላይ በኦሪገን በሚገኝ ገባር ውስጥ ታየ፤ ከ1912 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ግድቡ የማይነሣ ከሆነ የዓሣ መሰላል ይታሰባል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። አብዛኛው የመሰላል ንድፍ የተወለደው ለሳልመን ነው፤ ሳልመን ይዘላል። ስተርጀን ግን ወለል ለወለል የሚሄድ ከባድ ዓሣ ነው፤ አይዘልም። ለማይዘሉ ዝርያዎች ግድቡን ዞሮ የሚያልፍ፣ ወለሉ ድንጋይና ጠጠር የሆነ፣ ዝቅተኛ ተዳፋት ያለው ሰው ሠራሽ ጅረት ይሻላል። መግቢያውም ዓሣው ተከማችቶ በሚቆምበት በግድቡ ግርጌ መሆን አለበት፤ መቶ ሜትር ወደ ታች ርቆ የተከፈተ መግቢያ ብዙ ጊዜ ሳይገኝ ይቀራል።

የወደ ታቹ መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል። በአሜሪካ በላይኛው ሚዙሪ ወንዝ ያለው ገርጣ ስተርጀን በ1990 ለመጥፋት የተቃረበ ተብሎ ተመዝግቧል። ዕንቁላሉ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ግን መዋኘት እስኪችሉ ድረስ በመቶዎች ኪሎሜትር የሚቆጠር ርቀት በወራጅ መወሰድ አለባቸው። በሁለት ግድቦች መካከል የቀረው ወራጅ ውኃ ለዚህ አይበቃም። ጉዟቸውን ሳይጨርሱ ወደ ሰው ሠራሽ ሐይቁ ራስጌ ይደርሱና ደለሉ ኦክሲጅኑን በጨረሰበት ወለል ላይ ይሞታሉ። ስለዚህ የእናንተ ዓሣ ጫጩት በወራጅ የሚወሰድ ከሆነ ከመራቢያው በታች ስንት ኪሎሜትር ነጻ ውኃ እንዳለ ለኩ። ፈልጋችሁ ያገኛችሁት መራቢያ ከግድብ ራስጌ አጠገብ ከሆነ ሌላ ከፍ ያለ ስፍራ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል።

አራተኛ፦ ጠጠሩን እጠቡ

ብዙ ትኩረት የሚገባው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ በትንሽ ገንዘብ ለውጥ የሚታይበትም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በጠጠር ውስጥ ያለ ዕንቁላል የሚተነፍሰው በድንጋዮቹ መካከል በሚያልፈው ውኃ ነው። ደለል ክፍተቶቹን ሲሞላ ሁለት ነገር ይደርስበታል፦ ከመፈልፈሉ በፊት ይታፈናል፤ ቢፈለፈል እንኳ መውጫ ቀዳዳ አጥቶ ከታች ይቀራል። ለሳልመን ዘመዶች ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰው ደቃቅ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። ዕንቁላሎቹ ባሉበት በጠጠሩ ውስጥ የሚያልፈው ውኃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል የተሟሟ ኦክሲጅን ቢኖረው ጥሩ ነው። ከላይ የሚፈሰው ውኃ ኦክሲጅኑ ሙሉ ሆኖ በጠጠሩ ውስጥ ግማሽ ሊሆን ስለሚችል ከላይ ብቻ መለካት ያታልላል።

ልኬቱን በእጅ ማድረግ ይቻላል። ወቅቱ ግን ዓሣው ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት፤ ዕንቁላል ባለበት ጠጠር ላይ መራመድ ዕንቁላሉን መርገጥ ነው፤ ያለ ጊዜው መቆፈርም «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የተባለውን ያስታውሳል። ቂጡ የተቆረጠ ጠንካራ ባልዲ ውሰዱ። ወንዙ ወለል ላይ አቁማችሁ እያወዛወዛችሁ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አስጥሙት። ባልዲው ውስጥ ያለውን ድንጋይ በእጃችሁ አውጥታችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ጨምሩ፤ የደፈረሰውንም ውኃ በጆግ ቅዱት፤ የምትፈልጉት ደቃቅ የሚገኘው እዚያው ድፍርሱ ውስጥ ነውና። ሁሉንም በአንድ ሚሊሜትር ወንፊት ላይ እጠቡት። ከወንፊቱ ያለፈውን ሌላ ዕቃ ውስጥ አሳድሩትና ውኃው ሲጠል አጥልሉት። ከዚያ መጠኑን በሊትር ለኩ፤ የድንጋዩን መጠን ደግሞ በተለካ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃውን ስንት ከፍ እንዳደረገ በማየት ታገኙታላችሁ። ድንጋዩ ስምንት ሊትር ተኩል፣ ደቃቁ አንድ ሊትር ተኩል ከሆነ 15 በመቶ ላይ ናችሁ ማለት ነው። በአንድ መራቢያ ላይ ከአምስት ቦታ ያላነሰ ውሰዱ። አንድ ባልዲ ስለ አንድ ባልዲ ብቻ ይመሰክራል።

ደለሉ ከየት እንደመጣ ሳታውቁ ጠጠር አትጠቡ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆናል፤ የዘንድሮውን ጠርጋችሁ የከርሞው ይመጣል። ከዝናብ በኋላ ወንዙን ተከትላችሁ ውጡና የትኛው ጅረት እየደፈረሰ እንደሚገባ ተመልከቱ። ምንጩ ብዙ ጊዜ እስከ ወንዙ አፋፍ የታረሰ ማሳ፣ ከብት የሚወርድበት የተናደ ዳርቻ፣ ጥርጊያ መንገድ ወይም የአሸዋና ጠጠር ማውጫ ነው። ዳርቻውን አጥሮ አገር በቀል ዛፍና ሣር እንዲሸፍነው መተው፣ ለከብቱ አንድ በድንጋይ የተነጠፈ መጠጫ መስጠት፣ ጠጠር ማውጣቱን ከመራቢያው ማራቅ፦ ሥራው ይህ ነው፤ የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ከግድብ በታች ያለ ወንዝ ችግሩ ተቃራኒ ሊሆን ይችላል። ግድቡ ጠጠሩን ከላይ ስለሚያስቀረው ወለሉ ታጥቦ ትላልቅ ድንጋይ ብቻ ይቀራል። እዚያ ጠጠር መጨመር ያስፈልጋል። ለመጠኑ አንድ ጠቃሚ መመሪያ አለ፦ የሳልመን ሴቷ በጅራቷ ቆፍራ ልታንቀሳቅሰው የምትችለው ጠጠር አማካይ ስፋት ከሰውነቷ ርዝመት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። 60 ሳንቲሜትር ለሆነች ዓሣ አማካዩ ከ6 ሳንቲሜትር አይበልጥ። ለማይቆፍር፣ ዕንቁላሉን በድንጋይ ላይ ለሚለጥፍ ዓሣ ግን ጭብጥ የሚያህልና ከዚያም የሚበልጥ ድንጋይ፣ በመካከሉ ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ይሻላል። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ባለው በዲትሮይት ወንዝ፣ ፋይቲንግ በተባለ ደሴት አጠገብ በ2008 እንዲህ ያለ የድንጋይ ወለል ተሠራ፤ የሐይቅ ስተርጀን በ2009 መጥቶ ዕንቁላሉን ጣለበት። ስፍራውን ስትመርጡ ውኃው በፍጥነት የሚያልፍበትን ምረጡ፤ ዝግ ባለ ውኃ ውስጥ የተነጠፈ ድንጋይ በሁለትና ሦስት ዓመት ደለል ይውጠዋል። ጠጠሩ ታጥቦ ይምጣ፤ አቧራውን ይዞ የመጣ ጠጠር ልታስወግዱት የመጣችሁትን ደለል ራሳችሁ ማምጣታችሁ ነው።

አምስተኛ፦ የውኃውን ጊዜና ሙቀት አስተካክሉ

ዓሣ ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚያነበው የውኃውን ሙላትና ሙቀት ነው። ግድብ ሁለቱንም ያዛባል። ከሐይቁ ጥልቅ የሚለቀቅ ውኃ በሙቀት ወቅት ይቀዘቅዛል፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ይሞቃል። የቻይናው ስተርጀን ላይ ከደረሱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ትልቁ የሦስቱ ገደሎች ግድብ በ2003 ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ በመጸው የወንዙ መቀዝቀዝ ዘገየ፣ ዓሣው የሚጠብቀው ምልክትም አብሮ ዘገየ።

የሙቀት ስሕተት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማወቅ የካሊፎርኒያው ሳክራሜንቶ ወንዝ ይበቃል። በብርዱ ወቅት ወደ ወንዙ ስለሚገባ የክረምቱ ቺኑክ የሚባለው ሳልመን ዕንቁላሉን የሚጥለው በሙቀቱ ወቅት ነው፤ ውኃው ከ13.3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ይፈለጋል። ለዚህ ተብሎ በሻስታ ግድብ ላይ ከተለያየ ጥልቀት ውኃ የሚቀዳ መሣሪያ በ1997 ሥራ ጀመረ። በ2014 በድርቁ ምክንያት በሐይቁ ያለው ቀዝቃዛ ውኃ ከወቅቱ ቀድሞ አለቀ። በዚያ ዓመት ከመቶው ዕንቁላልና ጫጩት 95 ያህሉ ጠፋ። ትልቁ መሣሪያ ነበረ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ግን አልነበረም።

ስለዚህ መራቢያው ላይ በየሰዓቱ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አስቀምጡ፤ ርካሽ ነው፣ ከምትገዙት ሁሉ የሚጠቅመውም እሱ ነው። ከእሱ የዕንቁላሉን ዕድገት ትቆጥራላችሁ። የየቀኑን አማካይ ሙቀት እየደመራችሁ ሂዱ፤ የሳልመን ዕንቁላል ድምሩ 500 አካባቢ ሲደርስ ይፈለፈላል። ውኃው 10 ዲግሪ ከሆነ 50 ቀን ማለት ነው። በሞቃት ውኃ የሚኖሩ ዓሦች ዕንቁላል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ይህን ቀን ይዛችሁ ግድቡን ከሚያስተዳድሩት ጋር ተነጋገሩ፦ ዓሣውን ወደ መራቢያው የሚጠራው ሙላት መቼ እንደሚለቀቅ፣ ዕንቁላሉ ጠጠር ውስጥ እስካለ ድረስ ውኃው እንዳይቀንስ፣ ሲቀንስም በዝግታ እንዲቀንስ። በሳልመን ወንዞች በተለምዶ የሚጠየቀው የውኃው ከፍታ በሰዓት ከ5 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይወርድ ነው። ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ከፍ፣ ሳይፈለግ ዝቅ የሚል ወንዝ በዳርቻው ጫጩት አስጥቶ ይሄዳል። «ተጨማሪ ውኃ ስጡን» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ «ያንኑ ውኃ በእነዚህ 12 ቀናት ስጡን» የሚል ግን ይደመጣል።

ስድስተኛ፦ ማደጊያውን አትርሱ

አስኳሉን የጨረሰ ጫጩት ዝግ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ በትናንሽ ሕያዋን የተሞላ ውኃ ይፈልጋል፤ ከዋናው ወንዝ ጎን ያለ ቅርንጫፍ፣ በሙላት የሚተኛ ሜዳ፣ የወደቀ ዛፍ ሥር። ወንዙ ተስተካክሎ እንደ ቦይ ከሆነ እነዚህ የሉም። አንድ የተዘጋ የጎን ቅርንጫፍ መክፈት ብዙ ሺህ ጫጩት ከመልቀቅ ይሻላል። የመስኖ ፓምፖችን መሳቢያ በወንፊት ሸፍኑ፤ በአሜሪካ ለሳልመን ጫጩት የሚጠየቀው ቀዳዳው ከ2.4 ሚሊሜትር እንዳይሰፋ፣ ወደ ወንፊቱ የሚሳበው ውኃም በሰከንድ ከ12 ሳንቲሜትር እንዳይፈጥን ነው።

ሰባተኛ፦ ማባዣ ጣቢያ የግድ ከሆነ

አንዳንድ ጊዜ የግድ ነው። የአውሮፓ ስተርጀን ለመጨረሻ ጊዜ በተፈጥሮ ሲራባ የታወቀው በፈረንሳይ በ1994 ነው፤ በማባዣ የተያዙ ዓሦች ባይኖሩ በ2007 የተጀመረው ሰፊ የመልቀቅ ሥራ አይኖርም ነበር። ነገር ግን ማባዣ እንደ መድኃኒት ነው፤ መጠንና ማቆሚያ ቀን ያስፈልገዋል። በኦሪገን ሁድ ወንዝ የሳልመን ዘመድ በሆነው በስቲልሄድ ዓሣ ላይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ጥናት፣ በሰው እጅ ያደገ አንድ ትውልድ በወንዝ የመራባት አቅሙን 40 በመቶ ያህል እንደሚያጣ አሳይቷል። ገንዳው የሚመርጠው ለገንዳ የሚመቸውን ነው።

ወላጆቹ ከዚያው ወንዝ ይሁኑ። ማዳቀሉን እንዲህ አድርጉ፦ የእያንዳንዷን ሴት ዕንቁላል በሦስት ሳህን ክፈሉ፤ እያንዳንዱንም ሳህን በተለያየ ወንድ አዳቅሉ። የሦስት ወንዶችን ዘር ቀላቅሎ በአንድ ሳህን ላይ ማፍሰስ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የአንዱ ዘር ቀድሞ አብዛኛውን ዕንቁላል ይወስዳል፣ ሁለቱ ወንዶች እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ስትለቁም ከየቤተሰቡ እኩል ቁጥር ልቀቁ። አንድ ቤተሰብ ተርፎለት 40 ሺህ፣ ሌላው 2 ሺህ ቢኖረው ሁሉንም መልቀቅ ያጓጓል፤ ተው። በዘር ጥናት ሰዎች ዘንድ 50 እና 500 የሚባል የቆየ መለኪያ አለ፦ በቅርብ ጊዜ ከዘመድ መዳቀል ለመዳን 50፣ ለረጅም ዘመን 500። ቁጥሩ የሚለካው በወንዙ ያለውን ዓሣ ሁሉ አይደለም፤ በእርግጥ ልጅ የሚያስቀሩትን ብቻ ነው።

ዕንቁላሉን በሚለቀቅበት ወንዝ ውኃ አስፈልፍሉ፤ ሳልመን የተወለደበትን ውኃ በጠረኑ አስታውሶ ነው የሚመለሰው። ጫጩቱን በተቻለ መጠን በትንሽነቱ ልቀቁ። ከእያንዳንዱ ወላጅ የክንፍ ቅንጣት ቆርጣችሁ በአልኮል አስቀምጡ፤ ይህች ቅንጣት ለሚቀጥለው ደረጃ ቁልፍ ናት። መልቀቁ የሚቆምበትን ምልክትም ገና ሲጀመር በጽሑፍ አስፍሩት። ያለዚያ ጣቢያው ሠራተኛ ይቀጥራል፣ በጀት ይለምዳል፣ የሚዘጋውም አይገኝም።

ስምንተኛ፦ መወለዱን አረጋግጡ

በወንዙ ውስጥ ታዳጊ ዓሣ ማግኘት ብቻ ምንም አያረጋግጥም፤ እናንተው የለቀቃችሁት ሊሆን ይችላል። በውኃው ውስጥ የዓሣውን የዘር ቅንጣት (ዲኤንኤ) የሚፈልገው ምርመራ ዓሣው መኖሩን ይናገራል፤ መውለዱን ግን ብቻውን አይናገርም። አስተማማኙ መንገድ የተያዘውን ታዳጊ ክንፍ ቅንጣት ከማባዣው ወላጆች ጋር ማስተያየት ነው። ከማንኛቸውም ካልተወለደ የወንዝ ልጅ ነው። ዕድሜውን በቅርፊቱ ወይም በክንፉ አጥንት ቀለበት ቁጠሩ፤ በጆሮ አጥንት መቁጠር የበለጠ ትክክል ቢሆንም ዓሣውን መግደል ይጠይቃል፤ እንዲህ ባለ ዝርያ ላይ አይሞከርም።

አንድ ጥሩ ዓመት አያስደስታችሁ። ሙላቱ ገጥሞ አንድ ትውልድ ሊወጣና ቀጥሎ አምስት ዓመት ባዶ ሊሆን ይችላል። በየዓመቱ የተወለዱትን በዕድሜ ከፍላችሁ በአንድ ገጽ ላይ ሣሉ፤ በተለያየ የዝናብ ዓመት የተወለዱ ቢያንስ ሦስት ትውልዶች ሳይታዩ መልቀቁን አታቁሙ፤ ከታዩ ደግሞ መቀነስ ጀምሩ። ነጭ ስተርጀን ሴቷ ለመውለድ ከ15 እስከ 30 ዓመት ስለሚፈጅባት ሥራውን የጀመረው ሰው ላያየው ይችላል። ስለዚህ የምንጣፎቹ ቦታ፣ የቴርሞሜትሩ መዝገብና የወላጆቹ ዝርዝር በወረቀትም በኮምፒውተርም፣ ከሁለት ባላነሰ ቦታ ይቀመጥ።

ከዚያም አንድ ቀን ሆዷ በዕንቁላል የተወጠረ፣ የማባዣ ዓሣ ምልክት የሌላት ሴት መረባችሁ ውስጥ ትገባ ይሆናል። ከውኃ ሳታወጧት እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኟት፤ ርዝመቷን ለኩ፤ ከክንፏ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ቅንጣት ውሰዱ፤ ፎቶግራፍ አንሡ። ሁሉም በሦስት ደቂቃ ይለቅ። ከዚያም ራሷን ወደ ወራጁ አዙራችሁ፣ ጉሮሮዋ በደንብ መተንፈስ እስኪጀምር ድረስ ያዟትና ወደ ላይ ስትሄድ ልቀቋት።